የኦክስጅኑ ደወል ለምን ዝም አለ

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ በሩን ከፍቶ ከመርማሪዋ ጭንቅላት በላይ ኮሪደሩን አሻግሮ ቃኘና «መርማሪው የት ቀረ?» አለ። ሽበቷንና ሰፊ ጫማዋን አይቶ ወለል ልትወለውል የመጣች መስሎታል። የስንቱን ቀጣፊ ጉድ አደባባይ አውጥታ፣ ዛሬም በር ላይ ቆማ «እኔ ነኝ» ማለት አለባት። ዓይን አለው፤ ለጌጥ ነው።

«አልቀረም፣ ፊትህ ቆሟል» አለችው። «አሳልፈኝ።»

ትናንት ከሰዓት የሞተው ጡረተኛ ሹፌር ተወስዷል፤ የጭንቅላቱ ቅርጽ ግን ትራሱ ላይ እንደሰረጎደ ነው። አልጋው አጠገብ ባዶ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል። ኦክስጅኑ ሊያልቅ ሲል በነርሷ ጠረጴዛ ላይ ደወል መጮኽ ነበረበት። ደወሉን የሚያስጮኸው፣ ጓዳ ባለው የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ማንም ሳያየው ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ሰርቪስ ይሉታል። ሰርቪሱ ሞቷል። ቢቀሰቅሱትም አልነሣም ብሏል።

ነርሷ ዓይኗ አብጧል።

«ደወሉን የገደልሽው አንቺ ነሽ ይላሉ» አለቻት መርማሪዋ።

«እማዬ ትሙት፣ አልገደልኩም! ጠረጴዛዬ ላይ ደወሉ መሥራቱን የምታሳየው መብራት ቀይ ሆነች። የማስነሻውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ እምቢ አለ። ለቴክኒሻኑ ብደውል ‹ፈትሼዋለሁ፣ አትነካኪው› ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

«ከዚያስ?»

«ከአልጋ አልጋ እየሮጥኩ በዓይኔ ማየት ጀመርኩ። ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ። አንዷን ታማሚ ሳገላብጥ እሳቸው...»

«ለቅሶው ይቆይሽ። የሥራ ፈቃድሽን ሊነጥቁሽ ነው፤ መጀመሪያ እሱን እናድን።»

ቴክኒሻኑ ማስቲካ እያላመጠ ስልኩን ይጎረጉራል። ቀና እንኳ አላለም።

«ማዘር፣ ይሄ ቴክኒካል ነገር ነው፤ ይከብድዎታል።»

«አልወለድኩህም። ብወልድህማ ሰው ሲያናግርህ ቀና ማለት ታውቅ ነበር። ትናንት ምን ሠራህ?»

«አዲሱን ፕሮግራም ጫንኩ፣ ሞከርኩ፣ ደወሉ ጮኸ። እሷ ነካክታ ገደለችው።»

«ሲጮኽ ማን ሰማ?»

ሥራ አስኪያጁ ደረቱን ነፋ። «እኔ! ክሊኒኩን አናወጠው እኮ! ከዚያ እሱ ላፕቶፑን ከደነና ምሳ ወጣን። ገና አንድ ጉርሻ ሳንጎርስ ይቺ ነርስ ደውላ ነዘነዘችው።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጠች። ይሄ ደግሞ ለቴክኒሻኑ ጠበቃ ሊሆን ተነሥቶ ማነቂያ ገመዱን አቀበለው።

ሁሉንም ጓዳ ሰበሰበቻቸው። ከነርሷ ባሻገር የሹፌሩ ሚስት በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ከትናንት ጀምሮ ነርሷን ስትረግም ነው የዋለችው።

«አስነሣው» አለችው መርማሪዋ ቴክኒሻኑን።

ሞከረ። ሰርቪሱ ወዲያው ወደቀ።

«ምን ይላል?»

«ፈቃድ የለም... ሎክ ፋይሉ ላይ።»

«ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሎክ ፋይል ማለት ፕሮግራሙ ሲነሣ ‹ቦታው ተይዟል› ብሎ የሚያስቀምጣት ትንሽ ፋይል ናት። የማን ናት ይላል?»

ማስቲካው ቆመ። «የሩት።»

«ሩት የምትባል ሠራተኛ የለችንም!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አንተ ዝም በል። ሩት የኮምፒውተሩ አዛዥ ነው፤ ያሻውን ያደርጋል። ሰርቪሱ ግን ብዙ ሥልጣን በሌለው በራሱ ትንሽ ስም ነው የሚሠራው። የነርሷ ቁልፍም የሚያስነሣው በዚያው በትንሹ ስም ነው። ጣቷ እስኪዝል ብትጫን በአዛዡ ስም ፋይል ልትፈጥር አትችልም። የአዛዡን ፓስወርድ የምታውቁት አንተና ቴክኒሻኑ ብቻ ናችሁ።»

«እኔ አልነካሁም!» ሥራ አስኪያጁን ላብ አጠመቀው።

«አውቃለሁ። አንተ ማተሚያ ለማብራትም ሰው ትጠራለህ።» ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «አንተ ሰርቪሱን በደንቡ ማስነሣት ሰለቸህ። በአዛዡ ስም ገባህና ፕሮግራሙን ከላፕቶፕህ በእጅህ አስነሣኸው። ጮኸ፤ አለቃህ አጨበጨበ። ላፕቶፑን ስትከድን የሠራህበት መስኮት ተዘጋ፤ በእሱ ላይ የተንጠለጠለው ፕሮግራም አብሮ ሞተ። ፋይሉ ግን በአዛዡ ስም እዚያው ቀረ። ነርሷ ቁልፉን ተጭና እውነተኛው ሰርቪስ ሊነሣ ሲል ፋይሉን መንካት አልተፈቀደለትም፤ ወደቀ። መብራቷ የቀላችው እናንተ ምሳ ስትቀርቡ ነው፤ ነርሷ ቁልፉን የነካችው ከዚያ ወዲያ ነው። የሞተን በምን ትገድለዋለች?»

«ይሄ... ግምት ነው።»

«ፋይሉን አጥፋው። አስነሣ።»

ትእዛዙን ጻፈ። ሰርቪሱ ተነሣ፤ ደወሉ የሹፌሩን ባዶ ሲሊንደር አገኘና ከነርሷ ጠረጴዛ ጓዳው ድረስ ጮኸ። ነርሷ ሮጣ አጠፋችው።

«በዚህች ትንሽ ፋይል ነው ባሌ የሞተው?» አለች ሚስትየው፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ።

ቴክኒሻኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤት፣ ሲስተሙ ላይ ትንሽ ክፍተት...»

«ተወው!» አለች መርማሪዋ። «ተነሥ። ፊቷ ቁም። ‹ሲስተሙ› የሚል ቃል እንዳልሰማ። ‹እኔ› ብለህ ጀምር፤ ነርሷም እንድትሰማህ ጮክ በል።»