ጢሙን የተላጨ ቀን

አርባ ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ የተጋራ ሰው ለገዛ ሚስቱ ባዳ ሲሆን ምን ይባላል? የመርሳት በሽታ ማክሲንን ሲጥላት፣ ልጃቸው ዳርሊን "መጦሪያ ቤት እናስገባት" ብላ ነበር። ባሏ ዌንደል ግን አሻፈረኝ አለ። ቤቱን ሸጦ፣ መኝታና ማድቤት ያላት ትልቅ መኪና ገዝቶ፣ ጫጉላቸውን ባሳለፉበት በአሪዞና በረሃ ይዟት ዞረ። አንድ ጊዜ፣ እንዲያው አንዲት ጊዜ ብቻ በስሙ ብትጠራው ሌላ ምን ይፈልግ ነበር!

ያን ቀን ጠዋት ቁርሷን ሲያቀርብላት እጁን ነከሰችው። ቁስሉን በፎጣ ጠቅልሎ መንገድ ቀጠለ። ቀትር ላይ ደግሞ ከመቀመጫዋ ዘላ መሪውን ጠመዘዘችበት። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጣች፤ ቁልቋሉን እየደረመሰች፣ ሳህንና ድስቱ ከኋላ እየተንኮታኮተ ሄዳ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረች። ዌንደል ግንባሩ ተፈነከተ።

"ማክሲ! ልትገድዪን ነው እንዴ?"

"ምን ዓይነት ሹፌር ነዎት እርስዎ? ባሌ እየጠበቀኝ ነው፣ ይንዱ!"

"ባልሽ እኮ እኔ ነኝ..."

በጥፊ አጮለችው። "በዚህ ሽበትዎ አያፍሩም? የኔ ባል ጢም የለውም! ፊቱ እንደ ሕፃን ለስላሳ ነው!" አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከጥፊው ይልቅ ያቺ "እርስዎ" አንገበገበችው። እንዲያም ሆኖ ለዚያ ጢማም ሹፌር ፍቅር ባይኖራት እምነት ነበራት፤ መድኃኒቷን ከእጁ ትውጣለች፣ በሩን ሲከፍት አትደነግጥም። ይህን ልብ አላለውም። ልብ ያለው "ጢም የለውም" ማለቷን ብቻ ነው። አይ የፍቅር ሞኝ!

እንቅልፍ ሲጥላት ምላጩን ይዞ ወረደ። በመኪናዋ መስታወት እያየ፣ በተነከሰ እጁ አገጩን እየቆረጠ ያን የስንት ዘመን ጢም አሸዋው ላይ አራገፈው። "ይኸው ሙሽራ መሰልኩ" ብሎ ብቻውን ሳቀ። ምነው እጁ በደረቀ!

አልጋው ሥር ሽጉጥ ነበር። በበረሃ ብቻቸውን የሚያድሩ ሁሉ ይይዛሉ። ዳርሊን "አባዬ፣ በፈጠረህ ያንን ነገር ጣለው" ብላ ስትለምነው፣ "እናትሽ ቁርሷን ሳታስታውስ ሽጉጥ ታስታውሳለች?" ብሎ ቀልዶባታል። ድሮ ተኩስ ሲያስተምራት፣ "የማታውቂው ሰው ከገባ አትጠይቂ፣ ተኩሺ" ይላት ነበር። በሽታው የልጇን ስም ወሰደ፣ የባሏን ፊት ወሰደ... ያችን ትምህርት ግን ተዋት!

በሩን ከፈተ። "ማክሲዬ፣ መጣሁልሽ!"

ከእንቅልፏ ስትባንን ፀሐይ ከኋላው የበራበት፣ ጢም የሌለው ባዳ በሩ ላይ ታያት፤ ሽጉጡን ከአልጋው ሥር መዛ ሁለት ጊዜ ተኮሰች። ደረቱን ይዞ ደረጃው ላይ በጀርባው ወደቀ።

"ሹፌር! ኧረ ሹፌር! ሌባ ገባብኝ፣ የት ሄዱ?" እያለች ሽጉጡን እንደያዘች ወጣች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በደም የራሰውን፣ ጢም የሌለውን ፊት አየች። ሽጉጡ ከእጇ ወደቀ።

"ዌንደል? ዌንደልዬ! ማነው እንዲህ ያደረገህ?"

ጠራችው! ዓይኑ እንባ ሞላ። ምን ይበላት? እውነቱን ይንገራት?

"ሌባ ነው... ሮጦ አመለጠ።"

"ሹፌሩስ? እሱ ደግ ሰው ነው፣ ሐኪም ቤት ያደርስሃል።"

"ሹፌሩ... ሥራውን ጨርሶ ሄደ የኔ ቆንጆ። ስሜን... ድገሚልኝ።"

"ዌንደል" አለችው ጉንጩን እየዳበሰች። "ዌንደል፣ ዌንደል..." ሁለተኛውን መስማቱን እንጃ።

ዛሬ ማክሲን መጦሪያ ቤት ናት። ባሏን ጠይቃ አታውቅም። ዳርሊን በመጣች ቁጥር ግን እጇን ይዛ፣ "ያ ጢማሙ ሹፌር ምነው ቀረ? አስቀይሜው ይሆን?" ትላታለች። ዕጣ ፈንታ ለአባትየው የለመነውን ሰጥታ ገደለችው፤ ልጅቱ ደግሞ የእናቷን ፀጉር እያበጠረች ታለቅሳለች።