የሽባባው ምስክር

ጠጋ በሉ። ማነው እዚያ ጥግ የሚስቀው? ሳቅ፣ ግድ የለህም፤ ቆይቶ ይበርድልሃል።

ጨለማ ትፈራላችሁ አይደል? እኔ የማወራችሁ ግን በጨለማ አልሆነም። በቀትር ነው የሆነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ወፍ እንኳ ዝም ሲል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል። በዚያ ሰዓት ወደ ቆላ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ማን ይሄዳል? ማንም። ሽባባው ግን ሄደ። ማንም ስለማይሄድበት ሄደ።

ሽባባው ማን ነው? ድሮ፣ አባቶቻችን ሳይወለዱ፣ በአንድ የደጋ መንደር የነበረ ሰው ነው። አንለይ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። አባታቸው ሲሞት ደህናውን መሬት ለአንለይ ሰጠው። ነገሩ ይኸው ነው። ለአንድ ቁራሽ መሬት ሲል ሽባባው የእናቱን ልጅ ጠላው። ሲስቅ ጠላው፣ ሲዘፍን ጠላው፣ ሚስት ሲያገባ ጠላው።

አንድ ቀን የገደል ማር ሊቆርጡ ሄዱ። አንለይ ወገቡን በጠፍር ታስሮ ወረደ። ሽባባው ጠፍሩን ከላይ ያዘ። ታናሹ ከታች ተጣራ፦

"ጋሼ፣ ትንሽ ልቀቅልኝ!"

ሽባባው ግራ አየ። ቀኝ አየ። ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሰው የለም። ወደ ላይስ አየ? አላየም። ለቀቀው።

ከዚያ ምን አደረገ? "ጠፍሩ ተበጠሰ" ብሎ እያለቀሰ መጣ። እንባ ነበረው እኮ! ይህን ሳወራ ደሜ ይፈላል። ሽማግሌዎቹ "ማል" አሉት። "እግዚአብሔር ምስክሬ ነው" አለ። ደፍሮ አለ!

የአንለይ ሚስት ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች።

"ምስክር ካለህ ደግ ነው" አለችው። "እሱ ይናገራላ!"

ተመልሳ ተቀመጠች። ያቺ ቃል ግን ሽባባውን እንቅልፍ ነሳችው። ሲያርስ፣ ሲበላ፣ ቤቱን ቆልፎ ሲተኛ፣ አንድ ዓይን ጀርባው ላይ የተተከለ ይመስለዋል። ፈራ? አልፈራም! ተናደደ። "ምን ያፈጥብኛል? ሌላ የሚያየው ሰው የለውም?" ብሎ ወደ ሰማይ ድንጋይ ወረወረ። ድንጋዩ ተመልሶ እግሩ ሥር ወደቀ። ያን ጊዜ ጥርሱን ነከሰና ቆረጠ። ደወል የማይሰማበት፣ የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራ ሰው የሌለበት ቆላ እገባለሁ አለ። ሰው እንዳያየውም ቀትርን መረጠ።

ወረደ፣ ወረደ። ከኋላው ኮሽታ ሰማ። ዞረ፤ የለም። ጥቂት እንደሄደ ማር ማር ሸተተው። በዚያ ደረቅ ድንጋይ ላይ ማር ከየት ይመጣል? እስቲ እናንተው ንገሩኝ! ፈጠነ። ቀጥሎ አንድ ነገር መሬት ለመሬት ሲጎተት ሰማ። ጠፍር ነው። ዞረ፤ አሁንም የለም። ድምፁ ከፊቱ ሆነ።

ዋሻ አየና ሮጦ ገባ። የገዛ እጁ እስከማይታየው ድረስ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ቁጭ አለ። ትንፋሹን ዋጠ።

አጠገቡ ሌላ ሰው ተነፈሰ።

"ማነህ?" አለ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

የአንለይ ድምፅ ነው። ንዴቱ ግን አልበረደም። "እስከዚህ ተከተልከኝ? ሞተህም አትተወኝም?"

"አልተከተልኩህም። ተልኬ ነው።"

"ማን ላከህ? እዚህ መሆኔን ማን አወቀ? ማንም አላየኝም!"

"ስወድቅ ከእኔ ጋር የነበረው ነው የላከኝ" አለ አንለይ። "ከላይም አንተ ጋ ነበር፤ እጅህን ሲያይ ነበር። እዚህም አንተ ሳትገባ ነበረ።" ከዚያ ድምፁ ዋሻውን አናወጠው። "ምስክሬ ነው ብለህ ጠርተኸው የለ? ይኸው መጥቷል!"

ቀዝቃዛ ጠፍር በሽባባው ወገብ ላይ ተጠመጠመ። ጥብቅ አለ!

እንዴት እንደወጣ እሱም አያውቅም። ዳገቱን እየጮኸ ወጣው። ማንጠግቦሽ ደጃፍ ደርሶ ተደፋ። ሰው ተሰበሰበ። ወገቡን ዙሪያውን እንደ ጣት የወፈረ ሰንበር ወጥቶበታል።

"አልተበጠሰም!" እያለ መሬቱን ደበደበ። "እኔ ነኝ የለቀቅኩት! እኔ ነኝ!"

የማንጠግቦሽ ወንድሞች ጦር አነሱ። እሷ መሀል ገባች። ራርታለት መሰላችሁ? የለም! ዓይኗ እሳት ነበር።

"እንዳትነኩት!" አለች። "መቃብር ውስጥ ልትደብቁብኝ ነው? ይኑር! ይኑርና ይታይ!"

የአንለይን አጥንት እስከዚያ ማንም ካልወረደበት ገደል ሥር ለቅመው ቀበሩ። ሽባባው እስኪያረጅ ኖረ። ቤቱ ክረምት ከበጋ ክፍት ነበር ይባላል። "ምነው በር አትዘጋም?" ሲሉት፣ "ከማን ልደበቅ?" ይል ነበር።

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል። በመንገድ ከኋላችሁ ኮሽ ቢል እንዳትሮጡ። እጃችሁ ንጹሕ ከሆነ ምን ያስሮጣችኋል? ካልሆነስ ወዴት ትሮጣላችሁ?