የማነጻጸሪያው ወረቀት

መቶ አለቃ ዘውገ ሲቪል ለብሶ፣ በሟቹ ክፍል በር ሥር ተንበርክኮ በስንዝር ሲለካ ወይዘሮ እመቤቴ ከኋላው መጡ።

«ረዘም አድርገህ ሥራው፤ ልጁ ቁመታም ነበር» አሉት።

«ምኑን?»

«ሳጥኑን ነዋ! አናጢው አይደለህም?»

«ከፖሊስ ጣቢያ ነኝ፣ እትዬ። በበሩ ሥር ነፋስ ይገባ እንደሆነ እያየሁ ነው።»

ሴትዮዋ ደነገጡና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታዬ። ፈንታነሽን ከወሰዷት ወዲያ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።»

«አላለቀም» አለ ዘውገ።

ሟቹ ሙላቴ የደብረ ታቦር ቤቶች ምን ያህል የእንጨት ጭስ እንዳለባቸው ለማጥናት የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ቤቱን ያከራዩት ወይዘሮ እመቤቴ ናቸው። ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ያገኙትም እሳቸው ነበሩ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ምድጃው ውስጥ አመድና በከፊል የነደደ የባሕር ዛፍ ግንዲላ አለ። የጤና መኮንኑ ፊቱ መቅላቱን አይቶ በእሳት መርዝ፣ ማለት ከእሳት በሚወጣ መርዛማ አየር፣ መሞቱን አረጋገጠ። በቤቱ እሳት የምታነድደው ሠራተኛዋ ፈንታነሽ ናት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ማሩ ይህን ሲሰማ፣ ሆን ብላ እንጨት ከምራ በሩን ዘጋችበት ብሎ አሰራት። የመንግሥትን ሠራተኛ የገደለ ፀረ አብዮት ነውና ከሰዓት በኋላ ወደ ጎንደር ትላካለች። እንዲህ ተብለው ስለተላኩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም።

ዘውገ ከክፍሉ ወጥቶ ወደታሰረችበት ቀበሌ ሄደና መጀመሪያ እሷን ጠየቃት።

«ማታ እሳት አንድደሽለታል?»

«እኔ? እዚያ ክፍል ክብሪት ጭሬ አላውቅም! ጋሼ ሙላቴ መች ይወዱና። ‹እዚህ ጭስ ከገባ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ› ይሉ ነበር። ሲበርዳቸው ጋቢ ይደርባሉ እንጂ። አንድ ቀን ስጠርግ አቧራ አስነሳሽ ብለው በመጥረጊያው አባረውኛል።» ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፍራ አንገቷን ደፋች።

«የት አደርሽ?»

«አክስቴ ታማ እሷ ዘንድ። ስመለስ ግቢው በልቅሶ ተሞልቷል።»

ዘውገ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ከአልጋው በላይ አየር በሚስብ ትንሽ ፓምፕ አፍ ላይ ክብ ወረቀት ተሰክቷል፤ ግራጫ ሆኗል። ከአልጋው አጠገብ የተነጠፈው ሰሌን ላይ ሦስት ቦታ የተለበለበ ምልክት ይታያል። ሦስቱም አዲስ ናቸው።

የሙላቴን የሥራ ባልደረባ ወርቁን አስጠራ። ወርቁ ሆቴል የሚያድር ወጣት ነው።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«ጥናቱን ማን ይመራል ተባብለን። ጮኽኩበት።» ወርቁ መሬት መሬት አየ። «ደግ ነገር ሳልናገረው ሄደ።»

«ይህ ወረቀት ለምን ጭስ በሌለበት ክፍል ተሰቀለ?»

«ማነጻጸሪያችን ነው። በየማድቤቱ የሰቀልናቸውን ወረቀቶች የምናነጻጽረው በሱ ነው።»

ዘውገ ጥቂት አሰበና «መፈተኛ ዕቃህን አምጣ» አለው።

ቀትር ላይ ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። ፈንታነሽም በሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መሃል ቆመች።

«ምን ያስፈትናል?» አለ ማሩ። «ወረቀቱ ጠቁሮ የለ? ጭስ ነው።»

«የመንገድ አቧራም ያጠቁራል፣ ጓድ። ወርቁ፣ ንገራቸው።»

«እንጨት ሲነድ ከጭሱ ጋር ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል። እሳት ላይ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል» አለ ወርቁ በዝግታ። ከአንድ ማድቤት ያመጣውን ወረቀት ያጠበበትን ውሃ በቀጭን ሽቦ ነክቶ አልኮል መብራቱ ላይ ያዘው። ሁሉም ተራ በተራ ሌላውን ቀለም በሚከልል ሰማያዊ መስተዋት አዩ፤ ነበልባሉ ሐምራዊ ሆነ። ሽቦውን አጸዳና የክፍሉን ወረቀት ውሃ ሞከረ። ነበልባሉ አልተለወጠም።

«እዚህ እንጨት አልነደደም» አለ ዘውገ። «ግንዲላውና አመዱ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ሰውየው ግን በእሳት መርዝ ሞቷል። ጭስ የሌለው እሳት ምንድን ነው? ከሰል። ሰሌኑን እዩት፤ ሦስት እግር ያለው የከሰል ማንደጃ ያረፈበት ነው። ማንደጃው ሰው ሬሳውን ከማየቱ በፊት ወጥቷል። ማን አወጣው? ወርቁ ሆቴል፣ ፈንታነሽ አክስቷ ዘንድ አድረዋል። የውጭው በር ደግሞ፣ ጎረቤቶች እንደነገሩኝ፣ ኡኡታ ሰምተው ለመጡት እስኪከፈት ድረስ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነበር። የከፈቱት አንቱ ነዎት፣ እትዬ እመቤቴ።»

ሁሉም ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ሊገድሉት ነበር አልልም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሊገድል የመጣ ሰው ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብሎ ጭስ የሌለው ከሰል አይመርጥም።»

ወይዘሮ እመቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ያንቀጠቅጠው ነበር፣ ልጄን። እሳት ላምጣ ስለው ‹ወረቀቴ ይበላሻል፣ እማማ› አለኝ። እንቅልፍ ሲወስደው ከሰል አስገባሁ። ጭስ የለው፣ ምን ያበላሽበታል ብዬ። የጉና ተራራ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱንም ዘጋሁለት። በእጄ!» በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። «ሲነጋ ማንደጃውን አውጥቼ ከማድቤት ግንዲላ አመጣሁ። ራሱ ያነደደው እንዲመስል ነው። እሷን ይወስዷታል አላልኩም።»

«ከወሰዷትስ በኋላ፣ እሜቴ?» አለች ፈንታነሽ።

ሴትዮዋ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። «አፌ አልከፈት አለኝ።»

ዘውገ ወደ ወርቁ ዞረ። «አንተስ? ወረቀቱን መቼ አየኸው?»

«ጠዋት። የእንጨት ጭስ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ይህ ግራጫ ነው። እንጨት እንዳልነደደ ያኔውኑ ገብቶኛል። መፈተን እችል ነበር። ከተናገርኩ ጠባችን ይነሳል፣ እኔን ይይዙኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እሷን ሲጎትቷት ቆመህ አየህ?»

«አየሁ።»

ማሩ ጉሮሮውን ጠረገና ልጅቱን እንዲለቋት ለጥበቃዎቹ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ወይዘሮ እመቤቴ ቃላቸውን ለመስጠት ከመቶ አለቃው ጋር ወደ ጣቢያ ሄዱ። ፈንታነሽ ልብሷን በሻሽ ቋጥራ ወደ አክስቷ ቤት ሄደች፤ ወርቁ እስከ መንገዱ ሊሸኛት ቢነሳም አልጠበቀችውም።