የመብረቅ ቀይ ጨርቅ

ፓፓ ዘፊሪን ምቡንጉ አርብ ጠዋት በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ የነፃ ትግል መድረካቸው ላይ በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተመትቷል። የመድረኩ ገመድ የሚወጠርበት የብረት ዘንግ አጠገባቸው ወድቋል። ግራ እጃቸው አንጓ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ ቀኝ መዳፋቸው ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ አለ። ቀዩ የራሳቸው ነው፣ ሰማያዊው የፓፓ አንሴልም ሎፎምቦ። ማቴቴ ሰፈር ውስጥ ይህን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም።

ሁለቱ «መብረቅና ዝናብ» ተብለው፣ ዘፊሪን መብረቅ አንሴልም ዝናብ ሆነው፣ በጥንድ መታገል ከጀመሩ አርባ ዓመት ሆኗል፤ ከመድረክ ከወረዱም ሃያ አልፏል። ኪንሻሳ ግን አላወረደቻቸውም። ዛሬም የታክሲ ረዳት ተራውን ለባልደረባው ሲለቅ መዳፉን በመዳፉ መትቶ ነው። ሞተር ነጂዎች ግራ እጃቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ። በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያ አሮጌ ፖስተራቸው አለ። ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሲታረቁ ሽማግሌው «በሉ እንደ መብረቅና ዝናብ እጅ ተማቱ» ይላል። አንዱ መሬት ላይ እየተቀጠቀጠ ሌላው እጁ በባልደረባው እጅ ሳይነካ ገመዱን ዘሎ ገብቶ አያውቅም። ይህን ሕግ ከእነሱ ነው የተማርነው።

እና ከእነሱ የተማርን እኛው፣ ፀሐይ እንኳ ሳትበረታ፣ ወሬውን ሰምተው የመጡትን ፓፓ አንሴልምን ልናቃጥል ጎማና ቤንዚን ይዘን በሟቹ ግቢ በር ላይ ቆምን።

«ጠንቋይ! ወንድሙን በላ!»

«አውጡልን!»

በሩን የያዘው አንድ ፖሊስ ብቻ ነበር። ኢንስፔክተር ኦዲል ሙዚንጋ ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች ስትገባ ሸሚዙ ተቀዶ አገኘችው። ኦዲል አጭር ሴት ናት፤ ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም።

«ማማ ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እኮ አልቋል። የገዳዩ ጨርቅ በሟቹ እጅ ውስጥ ነው።»

«ካለቀ ለምን ጠራኸኝ?»

«በሩን ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ።»

ኦዲል ጫማዋን አውልቃ መድረኩ ላይ ወጣች። በሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ቀዩን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ቆዳ አየች፤ ከዚያ ጨርቁን አገላብጣ አየች። ተነስታ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ፖስተር ሄደች። ፖስተሩን አየች፣ ጥግ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ፓፓ አንሴልምን አየች፣ እንደገና ፖስተሩን አየች። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ፓፓ፣ ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ። አንድ ቀን ካልሰደብኩት ‹ዛሬ አመመህ እንዴ?› ይለኝ ነበር።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ጠብ የለም። ስለ እሁድ ተነጋገርን።» ሽማግሌው ወደ ሬሳው ማየት አቅቷቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። «እሁድ ግጥሚያችንን በሚያዘጋጀው በቦሴንጌ አዳራሽ የስንብት ግጥሚያ አለን። ሕዝቡ ሲሰበሰብ ዘፊሪን ሊናገር ነበር። ‹ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አዳራሽ ስማችን እንዳይጠራ› ሊል ነበር።»

«ቦሴንጌ ምን አድርጓችሁ?»

«እኛን? እኛን ምንም!» ድምፃቸው ተሰበረ፣ ከስብራቱ ሥር ግን ንዴት ነበር። «ትሬዞርን ነው ያደረገው። የዘፊሪን ተማሪ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። የመድረኩ ጣውላ ሲበሰብስ ቦሴንጌ ሌላ በማሠራት ፈንታ ሲሚንቶ ላይ ስስ ፍራሽ አነጠፈ። ለማንም አልነገረም። ልጁ ጣውላ ያለ መስሎት ከገመድ ላይ ዘለለ። አሁን አንገቱ ተሰብሮ ተኝቷል፤ ፊቱ ላይ ያረፈች ዝንብ ማባረር አይችልም።»

«ጨርቆቹ የት ነበሩ?»

«ልብሳችንን ሁሉ ከነጨርቆቹ ረቡዕ ዕለት ቦሴንጌ ‹ለእሁድ ላሳጥብላችሁ› ብሎ ወስዶታል። ከዚያ በኋላ ዓይኔ አላየውም።»

«እኔ ስትታገሉ አይቼ አላውቅም። እስቲ ተራ ስትቀባበሉ እንዴት እንደሆነ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «እሱ እዚያ ማዕዘን ይቆማል። እኔ ተደብድቤ፣ ደምና ላብ ሸፍኖኝ፣ እየዳህኩ ወደ ቀዩ እሄዳለሁ።» ግራ እጃቸውን ወደፊት ሰደዱ። ቀኝ ዓይናቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ነጭ ነው፤ አያይበትም። «ቀዩን ካገኘሁ ዳንኩ ማለት ነው።»

የሟቹ ልጅ ሶላንዥ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። አታለቅስም። ፖንዱ፣ የካሳቫ ቅጠል፣ የሚወቀጥበትን ዘነዘና በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ለምን እንደያዘችው ራሷም አታውቅም።

«ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ነው ያገኘሁት። ፓፓ ሁልጊዜ ማለዳ ግቢውን ይጠርጋል፣ ከውስጥ ካልከፈተ በቀር ማንም አይገባም። ማማ፣ እነዚያ ደጅ ያሉት ውሾች ፓፓ አንሴልምን ከነኩ እኔ በዚህ እፈጃቸዋለሁ!»

«እሱ አይደለም ትያለሽ?»

«አእምሮ የለሽም ወይ? ይቅርታ… ማለቴ፣ እሱ እኮ ሁለተኛው አባቴ ነው።»

«ልብሱን ትናንት ማን መለሰ?»

«ማንም። ትናንት አመሻሹ ላይ ፓፓ ‹ያ ሰውዬ ልብሳችንን አስቀረው› እያለ ሲነጫነጭ ነበር።»

ቀጥሎ ሌላው የሟቹ ተማሪ ጆጆ ሙኮኮ መጣ፤ ሰፈሩ «ትንሹ መብረቅ» ይለዋል። ከሟቹ ጋር እንደተጣላ ሁሉም ሰው ያውቃል።

«አዎ ተጣልተናል፣» አለ ሳይጠየቅ። «ባለፈው ዓመት ቀይ ጨርቅ አስሬ ልምምድ መጣሁ። እዚሁ መድረክ ላይ፣ ሶላንዥ እያየች፣ ከእጄ ቦጭቆ ጣለው። ‹ከፖስተር የተማርከውን ትግል ለፖስተር ታገል!› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አጠገቡ አስቀምጦ አስረዳኝ። ቢራም ገዛልኝ። እሱ እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ያዋርድሃል፣ ቀጥሎ ይጋብዝሃል።» መብረቅ እንዴት ይቆም እንደነበር ስትጠይቀው ጆጆ ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ቀኝ እጁን ዘረጋ። እንደተዘረጋ ማልቀስ ጀመረ።

ሪጎቤር ቦሴንጌ መጨረሻ ገባ። ሙሉ ልብስ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ጥቁር መሐረብ።

«ኢንስፔክተር፣ አገር አባት አጣች! እኔ በእነሱ መድረክ ሥር ነው ያደግኩት። የመጀመሪያውን ግጥሚያቸውን ውሃቸውን ይዤ ነው ያየሁት። ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው የለም።»

«ታድለዋል። እኔ አላየኋቸውም። መብረቅ እንዴት ነበር የሚቆመው?»

ቦሴንጌ ደስ አለው። ኮቱን አስተካክሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ግራ እጁን ወደፊት ዘረጋ። «ልክ እንዲህ! ልክ እንደ አንበሳ!»

«ልብሳቸውስ?»

«ትናንት ለራሱ ለአንሴልም መለስኩለት። በእጁ።»

«ማን አየ?»

«እግዚአብሔር።»

«እሱን ለምስክርነት መጥራት ጊዜ ይወስድብኛል፣» አለች ኦዲል።

አራቱንም በመድረኩ ዙሪያ አቆመቻቸው። ከዚያ ፖሊሱን «በሩን ክፈተው» አለችው።

«ማማ፣ ይገባሉ!»

«ይግቡ። ለመግደል የቸኮለ ሰው ለመስማትም ይቸኩል።»

ገባን። ጎማውን የያዘው ሰውዬ ከነጎማው ገባ። ኦዲል መድረኩ ላይ ሆና ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን።

«ገዳዩ አንድ ነገር እንድናምን ፈልጓል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለእሁድ ሲለማመዱ ተጣሉ፣ አንሴልም ዘፊሪንን መታው፣ ሟቹ ሲወድቅ የባልደረባውን ጨርቅ ነጥቆ ቀረ። እናንተም አመናችሁ። እንግዲህ ጨርቁን ገልጬ አየሁ። የሟቹ አንጓ ላይ የደረቀ የደም ጠብታ አለ። ከላዩ የታሰረው ጨርቅ ግን በውጭ በኩል ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጨርቁ የታሰረው ከተመቱ በኋላ ነው። ሲለማመዱ አልነበረም። ሬሳ ነው ጨርቅ የታሰረለት።»

ኦዲል ወደ ሬሳው ግራ እጅ አመለከተች።

«ሬሳውን ያለበሰው ሰው ማነው? ጨርቁ የታሰረው በግራ እጃቸው ነው። ፓፓ ዘፊሪን ደግሞ በሕይወታቸው ግራ እጃቸው ላይ አስረውት አያውቁም።»

«ይሄ ቀልድ ነው!» ቦሴንጌ ጮኸ። «ከተማው ሁሉ በግራ ነው የሚያስረው! ፖስተሩ ያውላችሁ፣ እዩት!»

«አይቼዋለሁ። እናንተም እዩት። ፖስተሩ ላይ የፓፓ አንሴልም ነጭ ዓይን የቱ ነው?»

ሁላችንም ዞርን። ስንት ጊዜ ከሥሩ ቢራ ጠጥተናል።

«ግራው፣» አለ አንድ ሰው።

«አሁን እሳቸውን እዩ።»

ፓፓ አንሴልም ፊታቸውን ቀና አደረጉ። ነጩ ዓይን ቀኝ ነበር።

«አታሚው ፎቶውን ገልብጦ አተመው፣» አለች ኦዲል። «የእሳቸው ዓይን ከተገለበጠ የባልደረባቸው እጅም ተገልብጧል። ፓፓ፣ ቀዩ ጨርቅ ለምን በቀኝ ነበር?»

ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ ግራ ዓይናቸው አነሱ። «ለእኔ ሲል ነው። የማየው በግራ ዓይኔ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ስንሆን የእሱ ቀኝ በእኔ ግራ በኩል ይሆናል። ደም ሲሸፍነኝ ቀዩን ብቻ ፈልግ አለኝ። ፖስተሩ ተገልብጦ ሲመጣ በሳቅ ሞትን። ‹ተወው፣ ያላየን ሰው ይታወቅበታል› አለ።»

«ታወቀበት። ፓፓ አንሴልም ለራሳቸው ዓይን ሲባል የሚታሰረውን ጨርቅ በማያዩበት በኩል አያስሩም። ጆጆ እንደ ፖስተሩ አስሮ መጥቶ ተዋርዷል፤ ስጠይቀው ቀኝ እጁን ዘረጋ። ሶላንዥም ያን ቀን ቆማ ሰምታለች። ልብሱ ደግሞ እስከ ትናንት አመሻሽ ድረስ ከአንድ ሰው ቤት አልወጣም። ያው ሰው ዛሬ ማለዳ ልብሱን ይዞ መጣ፤ ስለዚህ በሩ ተከፈተለት። ፓፓ ዘፊሪን የእሁዱን ንግግር እንደማይተዉ ነገሩት፣ ጀርባቸውንም ሰጡት። ሚስተር ቦሴንጌ፣ እርስዎ በመድረካቸው ሥር አላደጉም። ሲታገሉም አንድ ቀን አላዩም። የሚያውቁት ወረቀቱን ነው።»

የቦሴንጌ መሐረብ ወደቀ። «ስማቸውን ያቆየሁት እኔ ነኝ!» አለ። «እኔ ባልኖር ማን ያስታውሳቸው ነበር? በገዛ አዳራሼ፣ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ! ለምኜዋለሁ፤ ተንበርክኬ ለምኜዋለሁ!» የተናገረው ለራሱ ጆሮ ሲደርስ አፉን በእጁ ያዘ። ግን ቃሉ አምልጦታል።

ያኔ እንደገና አበድን። ጎማው ከሰው ራስ በላይ ተነሳ። ትንሽ ቁጣ አልነበረም፤ ግማሹ በራሳችን ላይ ነበር፣ ለራሳችን ልንሰጠው ስላፈርን ለእሱ ልንሰጠው ሮጥን። ፓፓ አንሴልም ቦሴንጌ ፊት ሄደው ቆሙ።

«ወደ ኋላ!»

«ፓፓ፣ ወንድምዎን እኮ ነው የገደለው!»

«አንተ ነህ የምትነግረኝ? አንተ? ከአንድ ሰዓት በፊት ስሜ ምን ነበር? ጠንቋይ አልነበርኩም?» ግንባራቸው ላይ ደም ሥሩ ተገትሯል። «እየራራሁለት እንዳይመስላችሁ። ይፈረድበት፣ ያርጅ፣ እስር ቤት ውስጥ ስማችንን በየቀኑ ይስማ። እናንተ ግን አትንኩት። በዘፊሪን ስም ሁለት ጊዜ ስትሳሳቱ ማየት አልችልም። ውጡ ከግቢው!»

ወጣን። ይቅርታ ለመጠየቅ በሞከረው ሁሉ ላይ ሶላንዥ በሩን ዘጋች።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግጥሚያ የለም፤ ሁሉም ያውቃል፤ ግን መጣ። ፓፓ አንሴልም ብቻቸውን መድረኩ ላይ ወጡ። ንግግር አላደረጉም። ተንበርክከው የፍራሹን ጠርዝ ያዙና መሳብ ጀመሩ። ጆጆ ዘሎ ወጥቶ ሊያግዛቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት። ስበው ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከሥሩ ራቁት ሲሚንቶ ወጣ።

የትሬዞር እናት ከፊት ረድፍ ተነሳች። ማንም አልጠራትም። በገመዱ ሥር አልፋ ገባች፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች፣ በጣቶቿ አንጓ እንደ በር አንኳኳችው። ድምፁ አዳራሹ መጨረሻ ድረስ ተሰማ። እንደገና አንኳኳች። እኛ ሦስት ሺህ ሰዎች ነበርን፤ አንድም ሰው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።