አፌን ዝጊልኝ

ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም። ግን ሆኗል። ራሴ ላይ ነው የሆነው።

ዘንድሮ ክረምት። ደብረ ታቦር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ... ከጉና ተራራ በኩል የመጣው በረዶ የሕሙማን ክፍሉን ቆርቆሮ እየደበደበው ነበር።

አዲስዓለም እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው።

አቶ ይሻውን ከጋሳይ ወዲያ ካለ ገጠር በቃሬዛ አመጧቸው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል። ደሙ ጋቢያቸውን አልፎ ቃሬዛው ላይ ረግቷል።

«ከበቅሎ ወድቀው ነው» አለ ልጃቸው ሀብታሙ።

እህቱ ፈንታነሽ መሬት መሬት ታያለች።

ቁስሉን ሳጥብ እጄ ቆመ...

የወደቀ ሰው አንድ ቦታ ነው የሚፈነከተው። እሳቸው ግን እዚህም እዚያም ተፈንክተዋል።

ዶክተር ናትናኤል ሁለቱን ልጆች ጠራቸው።

«አሁን ከጭንቅላታቸው ይልቅ የምፈራው ሳንባቸውን ነው» አላቸው። «ዕድሜያቸው ገፍቷል። ራሳቸውን አያውቁም። መዋጥ አይችሉም። ይሄ ሁሉ ሲገጣጠም የሳንባ ኢንፌክሽን እንደሚመጣ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። በአፋቸው ምንም እንዳትሰጡ። ምግባቸው በአፍንጫቸው በገባው ቱቦ ብቻ ነው። ራስጌያቸውም ከፍ ይበል።»

«ውሃስ?» አለ ሀብታሙ።

«ጠብታ እንኳ አይቻልም። ወደ ሳንባቸው ነው የሚወርደው።»

ሀብታሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከዳኑ... የሆነውን ያስታውሳሉ?»

«ሊያስታውሱ ይችላሉ።»

ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ራስጌው ዝቅ ብሏል። ከፍ አደረግሁት።

ተመልሼ ስመጣ... እንደገና ዝቅ ብሏል።

ትራሱ ርሷል። ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ድስት ይንተከተካል። ሰውነታቸው በትኩሳት ይነዳል።

ጉሮሯቸውን በመምጠጫው ማሽን ስጠርግ በማሽኑ ቱቦ የመጣው አክታ ብቻ አልነበረም።

አጥሚት ነው።

«ማነው በአፋቸው ያጠጣ?» ብዬ ጮህሁ።

ፈንታነሽ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እቴ፣ በጊዮርጊስ! እኔ ከንፈራቸውን በጸበል አራስሁ እንጂ አጥሚት አላቀመስኋቸውም!»

«እሷው ናት» አለ ሀብታሙ ቀስ ብሎ።

ዶክተሩ የደረታቸውን ራጅ አየ።

«ይመጣል ብዬ ነበር... ግን እንዲህ አይፈጥንም።»

ከዚያ በኋላ ፈንታነሽ ወደ ክፍሉ እንዳትገባ ተከለከለች። አስታማሚ ሆኖ የቀረው ሀብታሙ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ኦክስጅናቸውን ሳስተካክል ሹክሹክታ ሰማሁ።

«ልጄ...»

ዞርሁ። ሀብታሙ ምሳ ሊበላ ወጥቷል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

«ልጄ... አፌን ዝጊልኝ።»

ድምፁ ከአልጋው ነው የመጣው። የአቶ ይሻው ከንፈር ግን አልተንቀሳቀሰም። ዓይናቸውም አልተከፈተም።

ዶክተሩን ፍለጋ ሮጥሁ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ የተገለበጠ ሚኒባስ ተሳፋሪዎች ወለሉን ሞልተውታል። እርዳታ ስጪ ብለው እዚያው ያዙኝ።

ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

በሩ አልከፈት አለኝ። ከውስጥ የሆነ ነገር ተደግፎበታል። በትከሻዬ ገፋሁት... ደግሜ ገፋሁት... ተበረገደ።

ሀብታሙ አባቱ ደረት ላይ በጉልበቱ ወጥቷል። በአንድ እጁ አገጫቸውን ፈልቅቆ ይዟል። በሌላው ከጀሪካን ውሃ ያንቆረቁራል።

ውሃው በአፍንጫቸው ይወጣል...

«ልቀቃቸው!»

ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ሥራውን እንዳቋረጡበት ሰው ነው ያየኝ።

ወርዶ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ጭንቅላቴን ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ጋር አላተመው። አንዴ... ደግሞ... ደግሞ። ጥርሴ ሲሰበር ሰማሁት። ደሜ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

አልጋው ላይ በጀርባዬ ጣለኝ፤ አቶ ይሻው ጎን። የጀሪካኑን አፍ አፌ ውስጥ ሰገሰገው።

«ዝም በይ... ዝም...» ይለኛል በሹክሹክታ።

ውሃው ወደ ውስጤ ወረደ። ደረቴ ነደደ። መጮህ አልቻልሁም።

ከዚያ... ቋ!

እንደ ደረቅ እንጨት።

የጮኸው ሀብታሙ ነበር።

የአቶ ይሻው ቀኝ እጅ የልጃቸውን እጅ አንጓ ጨብጦታል። ቀኝ ጎናቸው እኮ ከመጡ ጀምሮ ሽባ ነው! ጣቶቹ ግን ጠበቁ... ጠበቁ... አጥንቱ የሀብታሙን ቆዳ ቀዶ ወጣ።

ጥበቃዎች ደረሱ። ሁለት ጎልማሶች ተጋግዘው ጣቶቹን ማላቀቅ አልቻሉም።

«መታኋቸው!» አለ ሀብታሙ እየተንፈራፈረ። «መሬቱን አልሰጥም ሲሉኝ በዱላ መታኋቸው! አስለቅቁኝ!»

ዶክተር ናትናኤል እየሮጠ ገባ። የአቶ ይሻውን አንገት ዳሰሰ። ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አደረገ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አዲስዓለም... ሰውነታቸው በርዷል። ከሞቱ ቆይተዋል።»

ሀብታሙ ሲያጠጣ የነበረው ሬሳ ነው።

ጩኸቱን የሰማችው ፈንታነሽ ከኮሪደሩ ገባች። የወንድሟን እጅ አየች፤ የአባቷን አየች። ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ተናገረች።

«አባ... ይልቀቁት። ልጅዎ ነው።»

ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ።

ሀብታሙን እየጎተቱ አወጡት። ዶክተሩ ማዳመጫውን ከደረታቸው አላነሳም።

«ምንም የለም» ይላል ለራሱ። «ምንም...»

ፈንታነሽ እጇን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፋለች።

የአቶ ይሻው እጅ አንሶላው ላይ ቀስ እያለ ሄደ...

እጇን አገኘው።

ጨበጠው።

ፈንታነሽ ቀና ብላ አየችን።

«ሙቅ ነው» አለች።