ከሁለቱ ካሜራዎች አንዱ

አስከሬኑ ተነስቷል። ጓሮው ውስጥ የቀረው የሌንስ ስብርባሪና ካፊያው ሊያጥበው ያልቻለ ጥቁር ቦታ ብቻ ነው። ላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ በላይ፣ የጣሪያው በር በነፋሱ ይላተማል፤ ጸጥ ይላል፤ ደግሞ ይላተማል።

«ያንን በር አንድ ሰው ይዝጋልኝ» አለች መርማሪዋ።

«ሁለቴ ዘጋሁት፤ ራሱ ይከፈታል» አለ ሳጅኑ። «ደግሞ ጉዳዩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር። ልጅቷም ተይዛለች፣ ፎቶውም ተገኝቷል። መኪናው እየጠበቀን ነው።»

ጣቢያ ውስጥ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው። «አልቋል» የሚለውን ቃል ደግሞ አትወድም።

ሟቹን ሰፈሩ «ጋሼ ፍላሽ» ይለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያነሳ የኖረ ባለ ፎቶ ቤት ነው። ሰሞኑን ትልልቆቹን ካሜራዎች መሸከም ስላቃተው ኪስ የሚገባ አንድ ጥሩ ካሜራ ለመምረጥ ሁለት ለሙከራ አምጥቶ ነበር። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ትንሽ፣ ሁለቱም ሌንሳቸው ላይ የሚዞር ቀለበት ያላቸው፤ ላልለመደ ሰው መንታ ናቸው። አንዱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከጣሪያው ወደቀ። ሌላው ወንድሙ እጅ ላይ ተገኘ።

እዚያው ሕንፃ ሥር ባለው ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ሰማይ የተሳለበት መጋረጃ ሥር፣ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና ፎቶ የምታሰማምርለት ልጅ። ልጅቷ እጇ በካቴና ታስሯል።

«እስቲ ከእርስዎ እንጀምር» አለች መርማሪዋ ለወንድምየው።

«ወንድም ጋሼ ጠዋት ‹ከሩቅ ሞክርልኝ› ብሎ ይቺን ሰጠኝ። ቤቴ ከጓሮው ማዶ ነው፤ ከበረንዳዬ ጣሪያው ፊት ለፊት ይታያል። ወጣና እጁን አወዛወዘልኝ። ቀለበቱን አዞርኩ፣ አቀረብኩት፣ አነሳሁት። ካሜራውን ከዓይኔ ሳወርድ… የለም።»

ፎቶው ካሜራው ጀርባ ባለው ትንሽ መስኮት ላይ በራ። ሽማግሌው ከደረቱ በላይ ይታያል። ቅንድቡ ላይ ያረፈው የካፊያ ጠብታ ይቆጠራል። አፉ ሊናገር እንዳለ ገርበብ ብሏል። ከኋላው ደግሞ አንድ ደብዛዛ፣ ቀይ፣ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አለ።

«ቀዩ ጃኬት የማን ነው?»

«የሷ ነው» አለ ወንድምየው መሬት መሬቱን እያየ። «ምን ላድርግ፣ ልጅ ናት። እግዜር ይማራት።»

«እኔ አልነበርኩም!» ልጅቷ ካቴናውን አንቋቋች። «ምሳዬን ጣሪያ ላይ በልቼ ጃኬቴን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ረሳሁት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ነበርኩ።»

«ማን አየሽ?»

«የሙሽራ ጥርስ እያነጣሁ ነበር። ሙሽራዋን ጠይቂያት።»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው። መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ ዞረች።

«ከሁለቱ የቱን ሊመርጥ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ! ይኼኛው ፎቶው ያምራል፣ ያኛው ሩቁን ይስባል፣ ይኼኛው፣ ያኛው እያለ ሳምንት ሙሉ አላስተኛኝም። እኔን ሲመርጥ እንኳ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀበት።» ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ እንባ ሆነ። «ደግሞ ፎቶ ቤቱንም ዛሬ እወስናለሁ ብሎ ነበር። ለወንድሜ ልተወው ወይስ ለልጅቷ እያለ።»

«ለማን ወሰነ?»

«አልሰማሁም። ‹ካሜራውንና እሱን አንድ ላይ እነግራችኋለሁ› አለኝ።»

ማንም ማንንም አላየም። የጣሪያው በር እንደገና ተላተመ።

መርማሪዋ ካሜራውን ይዛ ብቻዋን ጣሪያው ላይ ወጣች። ከግንቡ ጠርዝ ላይ ቁልቁል አየች፤ አሁንም ጥቁሩ ቦታ አለ። ካሜራውን ወደ ማዶ በረንዳ አነጣጠረች። ቀለበቱን ወደ ቀኝ አዞረች፣ ወደ ግራ አዞረች። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ከዚያ በማስረጃነት የተያዘውን ቀይ ጃኬት ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው።

«ሳጅን፣ አንተ እዚህ ሟቹ የቆመበት ላይ ቁም። ሌሎቹ ማዶ በረንዳ ላይ ይውጡልኝ።»

«ልጅቷም?»

«በተለይ እሷ።»

በረንዳው ጠባብ ነው፤ አራቱ ተጠጋግተው ቆሙ። መርማሪዋ ካሜራውን ለወንድምየው አቀበለችው።

«እንደዚያው ያንሱት።»

ሰውየው ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳ። ቀለበቱን አዞረ። ቆመ። እንደገና አዞረ፤ አሁን በችኮላ።

«ምን ሆኑ?»

«ተበላሽቷል። ዝናብ ገብቶበት ይሆናል።»

«ግድ የለም፣ ያንሱት።»

ፎቶው ተነሳ። ማዶ የቆመው ሳጅን ክብሪት እንጨት አክሏል። ሕንፃው ሙሉ ገብቷል፣ ሰማዩ ገብቷል፣ የጎረቤት የውሃ ታንከር ሳይቀር ገብቷል። ቀዩ ጃኬት ከነሚስማሩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጃኬት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«አልተበላሸም» አለች መርማሪዋ። «ይህ ካሜራ ሲሠራም ዙም አልተሠራለትም። ቀለበቱ የሚለውጠው የሚገባውን ብርሃን ነው። ሩቁን የሚስበው ሟቹ አንገት ላይ የተሰበረው ነው። የዚያኛው ቀለበት ሲዞር ስላዩ ይኼኛውም እንደዚያ መሰለዎት።»

«እሺ፣ ፎቶውን ኋላ ዙሪያውን ቆርጬው ይሆናላ!»

«በምን? ፎቶው ገና ካሜራው ውስጥ ነው፤ እንደተነሳ፣ ሳይነካ። ይልቅ ጃኬቱን ይዩት። ከዚህ ሲነሳ ሁሉም እኩል ይጠራል። እርስዎ ባነሱት ላይ ግን ደብዝዞ ሰው መስሏል። ይህ ካሜራ ጀርባውን እንዲያ የሚያደበዝዘው ሰውየው ካሜራው አፍንጫ ሥር ሲቆም ነው። ደግሞስ ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ ያነሳ ሰው ‹ከሩቅ ሞክርልኝ› ብሎ ሩቁን የማይስበውን ያቀብላል?»

ወንድምየው ካሜራውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ፎቶውን ጣሪያው ላይ ነው ያነሱት። ከዚያ ገፉት። ሴቶቹ ሬሳው ላይ ተደፍተው ሲጮሁ እርስዎ በጎን ደረጃ ወርደው ቤትዎ ገቡ። ካሜራው እጅዎ ላይ ቀረ፤ ቀዩን ነገር ሲያዩበትም ሲሳይ መሰለዎት። የያዘውን የማይለቅ ሞኝና ወረቀት ብቻ አይደለም።»

ልጅቷ በረንዳው ግንብ ላይ ተደገፈች። ሚስትየዋ ግን ወደ ሰውየው አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«እሷ ልትሰቀል እኮ ነበር» አለችው በቀስታ። «አይተህ ዝም ልትል?»

«ሁልጊዜ ከሁለት አንድ ሲመረጥ ተመላሹ እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «ከልጅነታችን ጀምሮ። ዛሬ ደግሞ ሲስቅ! ‹ሁለቱንም ወሰንኩ፤ ካሜራውም ይኼ ይሁን፣ ቤቱም የልጅቷ ይሁን› አለኝ። ገና ፎቶውን እንዳነሳሁት ነው፤ ካሜራውን እንኳ ከዓይኔ አላወረድኩም።»

«ከዚያስ? መጨረሻ ላይ ምን አለህ?» አለችው ሚስትየዋ።

ሰውየው ካሜራው መስኮት ላይ የወንድሙን ገርበብ ያለ አፍ ፈልጎ አወጣና አየው።

«ፎቶ ሲያስተምር የሚለውን ነው፣ ታውቂው የለ። ‹አታኩርፍ› አለኝ። ‹ቅረብ›።» ካሜራውን በረንዳው ግንብ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው። «ቀረብኩ።»

ማዶ ጣሪያው ላይ ሳጅኑ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ኢንስፔክተር! ልውረድ?»

መርማሪዋ የልጅቷን የታሰሩ እጆች አየች።

«ውረድ!» አለችው። «የካቴናውን ቁልፍ ይዘህ ና!»