ያልተላከው ፎርም

የኮምፒውተር መምህር ነኝ፣ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው ማሽን ያላዘዝነውን አያደርግም ነው፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ አሁንም ብስቅ ደስ ይለኛል።

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ላፍቶ ባለው ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ የተማሪ መመዝገቢያውን ድረ ገጽ እሠራለሁ፣ ምዝገባው ሰኞ ጠዋት ይጀመራል፣ ርዕሰ መምህርቷም «ካልሠራ እኛ ወደ ወረቀቱ፣ አንተ ወደ ጠመኔህ» ብለውኛል። ችግሩ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ነበር። ላስረዳችሁ፦ ቁልፉ ሲጫን የሚሠራውን ኮድ እዚያው ገጹ ውስጥ ጽፌዋለሁ፣ የደህንነት ደንቡ ደግሞ በተለየ ፋይል ያልመጣ ኮድ እንዳይሠራ ይከለክላል፣ ስለዚህ ብጫነው ብጫነው በቀይ «ተከልክሏል» ይላል እንጂ አንድም ፎርም አይሄድም። የኢንተርኔት ገመዱንም ነቅያለሁ፣ ሁሉም ነገር ያለው በእኔው ማሽን ላይ ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ በመሀሉ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ ትንሽ መዶሻ ሚስማር ስትመታ ዓይነት፣ ጧ ጧ፣ ቆም፣ ጧ። ቀና ስል ጠፋ። ወደ ስክሪኑ ስመለስ «የተመዘገቡ፦ 0» የነበረው 1 ሆኗል።

ወጥቼ ዘበኛችንን ጋሽ ታደሰን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ሰው ገብቶ ነበር?»

«በዚህ ዝናብ ማን ይመጣል ቲቸር? የሚጠብቀው ሰው ያለው ሁሉ ቤቱ ነው» ብለው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ተመልሼ ፎርሙን ከፈትኩት። የተማሪ ስም፦ የእኔ። ክፍል፦ ስድስተኛ ለ። ወላጅ፦ ጫማ ሰፊው። ዝምድና፦ የአንድ ቀን አባት።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ «ወላጅ አምጣ» ተባልኩ፣ ወላጅ አልነበረኝም፣ የምኖርባቸው ዘመዶች ከሰሙ ደግሞ እንደሚያባርሩኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ሌሎች ልጆች እንደሚያደርጉት ከመንገድ ሰው ለመንኩ፣ መካኒሳ ጥግ ላይ ጫማ የሚሰፋ ሰውዬ። ኮቱን ቆልፎ መጣ፣ አስተማሪው ፊት ቆሞ «ልጄ ነው፣ አጥፍቷል፣ እመክረዋለሁ» አለ፣ በር ላይ ሲደርስ «በል ጎበዝ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ፣ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ሳድግ ልፈልገው ብሄድ ቦታው ላይ ሕንፃ ቆሟል።

ኮዱን በተለየ ፋይል አድርጌ ከቁልፉ ጋር አገናኘሁት፣ ሠራ። ከማስረከቤ በፊት የቀረኝ ያን አንድ መዝገብ ማጥፋት ነበር። ጣቴን «ሰርዝ» ላይ ሳሳርፍ መዶሻዋ አንዴ ጧ አለች፣ አሁን ከውስጥ ነው፣ ከኋላዬ ካለው የመጨረሻ ረድፍ። አልዞርኩም። አልሰረዝኩምም።

ሰኞ ምዝገባው ያለ እንከን ሄደ። ያን አንዱን ከሕትመቱ ደብቄው ስለነበር ርዕሰ መምህርቷ ዝርዝሩን ይዘው «ለምንድን ነው ከሁለት የሚጀምረው?» አሉኝ።

«ሲስተሙ ነው» አልኳቸው።

መዝገቡ አሁንም አለ፣ ከጎኑ «ውሳኔ ይጠብቃል» ይላል፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ከፍቼ አየዋለሁ። ላጸድቀው እፈራለሁ፣ ብሰርዘው ደግሞ በአባትነት የተጻፈልኝ ሌላ ሰው የለም።